የልደት ምዝገባ በምልክት ቋንቋ፦ የኦንላይን የመንግሥት አገልግሎትን በአኒሜሽን ተደራሽ የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

አንድ መስማት የተሳነው አባት የልጁን ልደት ለማስመዝገብ ስልኩ ላይ ቅጽ ከፈተ እንበል። ገጹ ድምፅ የለውም፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው። «ታዲያ ማንበብ ይችል የለ እንዴ?» ይላል ገጹን የሠራው ባለሙያ። ይህን ጥያቄ እኔም ከዓመታት በፊት ጠይቄዋለሁ። ለዚያ አባት አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። የመጀመሪያ ቋንቋው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ እሱም የራሱ ሰዋስው አለው እንጂ የአማርኛ ቃላት በእጅ የተደረደሩበት አይደለም። ድምፁን ሰምቶት የማያውቀውን ቋንቋ በፊደል ብቻ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ምልክት ቋንቋ በቅጡ ከማያውቁ መምህራን የተማረ ሰው «ከላይ በተጠቀሰው አግባብ ተሟልቶ ካልቀረበ ተቀባይነት አይኖረውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው ምን ያድርግ? እኔ ራሴ ሁለቴ ካላነበብኩት አይገባኝም።

ይህ መመሪያ የአገልግሎት ገጽ ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ፕሮግራም ለሚጽፉ፣ ለኮሙኒኬሽን ሠራተኞች፣ በጀት ለሚፈርሙ ኃላፊዎችም ጭምር። ምሳሌዬ ከዳር እስከ ዳር የልደት ምዝገባ ቅጽ ይሆናል። በምልክት ቋንቋ የምትናገር የኮምፒውተር ገጸ ባሕርይ፣ አቫታር የምትባለውን፣ ገጹ ላይ እንዴት እንደምናስቀምጥ ደረጃ በደረጃ እናያለን። አስቀድሜ የምነግራችሁ ነገር አለ፦ ግራፊክሱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ድካም ያለው ጽሑፉ ላይና የአቫታሯ ፊት ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ አኒሜሽን የሚገባበትንና የማይገባበትን መለየት

አኒሜሽን የሚያዋጣው ንግግሩ አስቀድሞ በሚታወቅበት ቦታ ነው። በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ታሪክ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በእንግሊዝ ፖስታ ቤቶች «ቴሳ» የሚባል ሥርዓት ተሞክሮ ነበር። በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ሲናገር ኮምፒውተሩ ንግግሩን አስቀድመው ከተቀረጹ ሐረጎች ጋር ያዛምዳል፤ አቫታሯም በብሪታንያ ምልክት ቋንቋ ታሳያለች። ሥርዓቱን የሚቻል ያደረገው የቴምብርና የጥቅል ወሬ ውስን መሆኑ ነው። ከ2002 እስከ 2004 ደግሞ «ኢሳይን» የተባለ የአውሮፓ ፕሮጀክት በቀጥታ የመንግሥት ድረ ገጾችን ዓላማው አድርጎ ተነሣ። ያ ቡድን ቶሎ የገባው ነገር ማንኛውንም ጽሑፍ ለመተርጎም ከመሞከር ይልቅ ክፍት ቦታ ያላቸውን አብነቶች ማዘጋጀት እንደሚሻል ነው፤ የአየር ጠባይ ወይም የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ አብነቱ ያው ሆኖ ቁጥሩና ስሙ ብቻ ይቀየራል።

ብራዚል የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። የብራዚል ምልክት ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2002 በሕግ ዕውቅና ያገኘ ሲሆን፣ መንግሥት ከፓራይባ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ቪሊብራስ የተባለ ነፃ መሣሪያ አሠርቶ በድረ ገጾቹ ላይ አስቀምጧል። ጎብኚው ጽሑፉን ሲነካ አቫታሩ ፖርቱጋልኛውን በራሱ ወደ ምልክት ይቀይራል። ስፋቱ የሚያስቀና ነው። ድክመቱም ያው ስፋቱ ነው፦ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የሌለ ቃል ሲመጣ ፊደል በፊደል በጣት ይጻፋል፤ ፖርቱጋልኛውን ማንበብ ለሚቸግረው ሰው ደግሞ በጣት የተጻፈ ፖርቱጋልኛ ያው ፖርቱጋልኛ ነው።

የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽንና የዓለም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ ባወጡት መግለጫ አቫታር የሰው አስተርጓሚን እንዳይተካ አስጠንቅቀዋል። የፈቀዱለት ቦታ ጠባብ ነው፦ አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ የማይለዋወጥ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች አይተው ያጸደቁት መረጃ። እኔም ከዚያ አላልፍም። አንድ ጽሑፍ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቃሉ ዛሬም ነገም አንድ ነው? ሰውየው መልሶ መጠየቅ ሳያስፈልገው ይበቃዋል? ቢሳሳት የሚደርስበት ነገር ሊመለስ የሚችል ነው? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ አኒሜሽን ይሁን። የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የሐኪም ማብራሪያ፣ ይግባኝ፣ የቃል አቤቱታ ከሆነ ግን ሰው ያስፈልጋል።

ኃላፊያችሁ «ግዴታ ነው ወይ?» ካሉ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋን አስታውሷቸው። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት፣ አንቀጽ 21 ደግሞ መረጃን በምልክት ቋንቋ ስለ ማግኘት ይናገራል። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ላይ የአንቀጹን ቁጥር መጻፍ ብቻ ፊርማውን ያፋጥነዋል።

ደረጃ 2፦ ሰዎቹን ማሰባሰብ

ከኮምፒውተር በፊት ሰው። ቢያንስ ሁለት መስማት የተሳናቸው፣ በምልክት ቋንቋ ያደጉ ባለሙያዎች፣ አንድ አስተርጓሚ፣ አንድ የአኒሜሽን ባለሙያ፣ አንድ የድረ ገጽ ባለሙያ፣ እንዲሁም አገልግሎቱን ከውስጥ የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ያስፈልጋሉ። የመጨረሻውን ሰው ብዙዎች ይረሱታል፤ ከዚያ «የተረጋገጠ ኮፒ» ማለት በማን የተረጋገጠ እንደሆነ የሚመልስ ሰው ይጠፋል።

ባለሙያ የምታገኙት በኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በኩልና የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ከሚያስተምረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች መካከል ነው። ሁለት ሰው ያልኩት ለቁጥር አይደለም። ምልክት እንደ ተማሩበት ትምህርት ቤትና እንደ አካባቢው ይለያያል፤ መካኒሳ የተማረና ሆሳዕና የተማረ ሰው አብረው ቢቀመጡ አንዱ የሚያውቀውን ምልክት ሌላው «እኛ እንዲህ ነው የምንለው» ብሎ ያርመዋል። ይህ ክርክር በስቱዲዮ ውስጥ ይለቅ፤ ገጹ ላይ ከወጣ በኋላ ውድ ነው።

ክፈሏቸው። «አስተያየት ስጡን» ተብለው ተጠርተው የታክሲ ብቻ ተሰጥቷቸው የተሸኙ ባለሙያዎች በሁለተኛው ስብሰባ አይመጡም፤ ትክክልም ናቸው።

ደረጃ 3፦ ጽሑፉን ማውጣትና መፍታት

አንድ አገልግሎት ብቻ ምረጡ። ከዚያ ተጠቃሚው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ደረሰኙ ድረስ የሚያያቸውን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ በሰንጠረዥ አውጡ፤ የስሕተት መልእክቶችን፣ የቁልፍ ጽሑፎችን፣ በአጭር መልእክት የሚላከውንም ጭምር። ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ስጡ። ይህ ቁጥር በመጨረሻው ደረጃ ዋጋው ይታያል። መጀመሪያ ላይ ብዛቱ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ነገር በአራት መልክ የተጻፈበት ብዙ ቦታ ስለምታገኙ ዝርዝሩ ይቀንሳል። «አስገባ»፣ «ላክ»፣ «አቅርብ» እና «ቀጥል» የሚሉ ቁልፎች በአንድ ቅጽ ላይ አንድ ሥራ ሲሠሩ አይቻለሁ።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘን በቅርበት እንየው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀናት ውስጥ ነው። ገጽ ላይ ይህ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦ «ማንኛውም ልደት በተከሰተ በ90 ቀናት ጊዜ ውስጥ ሊመዘገብ ይገባል።»

ይህን ለምልክት ቋንቋ ተርጓሚ ስትሰጡ ሦስት ጥያቄ ይመለስላችኋል። ማን ነው የሚያስመዘግበው? ቀኑ የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው? ካለፈስ? አማርኛው ሦስቱንም ሸፍኖ ማለፍ ችሏል፤ «ሊመዘገብ ይገባል» የሚለው ግስ አድራጊውን ስለሚደብቅ። በምልክት ግን ሰውየውን ቦታ ላይ ሳታስቀምጡት ድርጊቱን መስጠት ያስቸግራል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ይፈታል። ለምሳሌ በእንዲህ ያለ ቅደም ተከተል፦ ሕፃን ተወለደ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጠር፣ 90 ቀን፤ 90 ሳይሞላ እናት ወይም አባት ያስመዝግቡ፤ 90 ካለፈ (ቅንድብ ከፍ ይላል፣ ጭንቅላት ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል) የዘገየ ምዝገባ የሚለውን ተመልከት። የመጨረሻውን ቅደም ተከተል የሚወስኑት መስማት የተሳናቸው ተርጓሚዎች ናቸው፤ የእኔ ናሙና የሚያሳየው የሥራውን ዓይነት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ትርፍ አለ። ተርጓሚው «ካለፈስ?» ብሎ የጠየቀውን የሚሰሙ ተጠቃሚዎችም ሲጠይቁት ኖረዋል፤ የስልክ መስመሩ የሚጨናነቀው በዚሁ ነው። የተፈታውን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛው መልሱትና ገጹ ላይ ያለውንም አስተካክሉ። ጽሑፉ ሳይስተካከል የተሠራ አኒሜሽን ግራ መጋባቱን በእጅ ይደግመዋል እንጂ አያቃልለውም።

ደረጃ 4፦ መቅረጽና ማብራሪያ መጻፍ

ተርጓሚው የተስማሙበትን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በካሜራ ፊት ያቀርባሉ። ሁለት ካሜራ ይኑር፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን። ከጎን ያለው ባይኖር እጅ ከደረት ምን ያህል እንደራቀ አኒሜሽን ሠሪው በግምት ይሠራል፤ በምልክት ቋንቋ ደግሞ ያ ርቀት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 50 ምስል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጣት በፍጥነት ሲታጠፍ ቅርጹ እንዳይደበዝዝ።

ቪዲዮውን ኢላን በተባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት። የሠራው በኔዘርላንድስ ናይሜኽን የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ የምልክት ቋንቋ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ከቪዲዮው ሥር ትይዩ መስመሮች ክፈቱ፦ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ቅንድብ፣ አፍ፣ የዓይን አቅጣጫ፣ የራስ እንቅስቃሴ። እያንዳንዱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ምልክት አድርጉ። አሰልቺ ነው። አንዱን ደቂቃ ለማብራራት ሰዓታት ይወስዳል። ነገር ግን ቅንድቡ ከጥያቄው ቃል ቀድሞ መነሣቱን ወይም እስከ መጨረሻው ተነሥቶ መቆየቱን የምታውቁት እዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ የአኒሜሽን መንገድ መምረጥ

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሰውየው ልዩ ልብስና ጓንት ለብሶ እንቅስቃሴው በቀጥታ የሚቀዳበት ነው፤ ውጤቱ ተፈጥሯዊ፣ ዋጋው ከፍተኛ። ሁለተኛው ምልክቱን በጽሑፍ መግለጽ ነው፦ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ሃምኖሲስ የእጅን ቅርጽ፣ አቅጣጫ፣ ቦታና እንቅስቃሴ በምልክቶች ይጽፋል፤ ያ ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ ተቀይሮ የእንግሊዙ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ በሠራው ጃሳይኒንግ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ አቫታሩ ይንቀሳቀሳል። የስዊዘርላንድ የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያዎችን በምልክት ለማቅረብ የዙሪክ ተመራማሪዎች የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ጥቅሙ አንድ ጊዜ የተጻፈ ምልክት በሺህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባት መቻሉ ነው። ጉዳቱ ግትርነቱ ነው፤ አቫታሩ እንደ ወታደር ይቆማል።

ሦስተኛው፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት አቅም የምመክረው፣ ድብልቅ ነው። የቀረጻችሁትን ቪዲዮ እንደ ሚዲያፓይፕ ባለ ነፃ መሣሪያ አሳልፉት፤ በእያንዳንዱ እጅ ላይ 21 ነጥቦችን እየተከተለ ሻካራ እንቅስቃሴ ይሰጣችኋል። ያንን ብሌንደር በተባለው ነፃ የአኒሜሽን ፕሮግራም ውስጥ አስገብታችሁ በእጅ አርሙት። መሣሪያው የሚሳሳትበት ቦታ የታወቀ ነው፦ እጆች ሲጠላለፉ፣ ጣት ከሌላ ጣት ጀርባ ሲደበቅ፣ እጅ ፊትን ሲነካ። እነዚህን ቦታዎች አስቀድማችሁ በኢላን ላይ ምልክት ካደረጋችሁ አራሚው በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል።

አራተኛ መንገድ አለ ብሎ የሚመጣ ሻጭ ይኖራል፦ «የእኛ አቫታር ሁሉንም ቋንቋ ይተረጉማል፤ አንድ መስመር ኮድ ማስገባት ብቻ ነው።» በየትኛው ምልክት ቋንቋ እንደሆነ ጠይቁት። የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የአሜሪካ ነው፤ የብራዚልም የብራዚል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በትምህርት ቤቶች በኩል ከውጭ የወሰዳቸው ምልክቶች ቢኖሩትም ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። ሻጩ መልስ ካጣ ሻዩን ጋብዛችሁ ሸኙት።

ደረጃ 6፦ ገጸ ባሕርይዋን መሥራት

መጀመሪያ ፊት። በምልክት ቋንቋ ጥያቄን ከትረካ፣ «ከሆነ» የሚለውን ሁኔታ ከተፈጸመ ነገር የሚለየው ብዙ ጊዜ ፊት ነው። ስለዚህ ቅንድብ በተናጠል የሚነሣና የሚወርድ፣ ጉንጭ የሚነፋ፣ ከንፈር የሚሾል፣ ዓይን ወደ ጎን የሚዞር መሆን አለበት። በስልኮች የፊት ክትትል ውስጥ የተለመደው የ52 የፊት ቅርጾች ዝርዝር ጥሩ መነሻ ነው፤ ምላስ ውስጡ አለ፣ አትዝለሉት።

ስለ ዓይን የራሴን ስሕተት ልናገር። የመጀመሪያዋን አቫታሬን ለአንድ የዕድሜ ባለጸጋ መስማት የተሳናቸው መምህር አሳየኋቸው። እጇ ላይ ሁለት ወር ሠርቻለሁ፤ ጣቶቿ እንከን አልነበራቸውም። ሦስት ጊዜ ደጋግመው ካዩዋት በኋላ በአስተርጓሚው በኩል «ልጄ፣ ይህች ልጅ ማንን ነው የምታናግረው?» አሉኝ። ካሜራው ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለተተከለ ዓይኗ ከተመልካቹ ራስ በላይ ያይ ነበር። እኔ የዓይኗን ብሌን አልቆጠርኩትም፤ እሳቸው ከመጀመሪያው ሴኮንድ ጀምሮ ያዩት እሱን ብቻ ነው። ከጀርባቸው የቆመ ሰው መስሏቸው ዞር ብለው ነበር።

ቀጥሎ ልብስ። ይህን ክርክር በየመሥሪያ ቤቱ ትገጥሙታላችሁ፦ «የአገራችን ስለሆነች የሐበሻ ቀሚስ ትልበስ።» ቀሚሱ ያምራል፤ ግን ጥልፉ የሚወርደው ልክ ደረት ላይ፣ አብዛኛው ምልክት በሚሠራበት ቦታ ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ጣትና ጥልፍ ይደባለቃሉ። ነጠላም እንዲሁ፤ ትከሻንና ክርንን ይሸፍናል። ልብሱ ምንም ጌጥ የሌለው፣ ከቆዳዋ ቀለም በግልጽ የሚለይ ይሁን። ለጠይም እጅ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ክሬም ከጥቁር ይሻላል። ባህሉን ማሳየት የግድ ከሆነ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ጥግ ላይ ትንሽ ጥለት አስቀምጡና ተደራደሩ።

ደረጃ 7፦ የሚለዋወጡትን መሙላት፦ ስም፣ ቁጥር፣ ሰዓት

«ቀጠሮዎ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቋሚ ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን ለሁሉም ይለያያል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ክፍት ቦታ ይኖረዋል፤ ቁጥሮች ለየብቻ ተቀርጸው ይገቡበታል። መጋጠሚያው ላይ እጅ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንዳይዘል የእያንዳንዱ ቁራጭ መጀመሪያና መጨረሻ አንድ ዓይነት የእጅ አቀማመጥ ይኑረው።

ሰዓት ላይ ወጥመድ አለ። ገጹ 08:00 ይላል፤ ተጠቃሚው የሚያውቀው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አቫታሯ ስምንት ብታሳይ ሰውየው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። በምልክቱ 2 ሰዓት ይሁን፤ ጽሑፉም ከእሷ ጋር ይስማማ። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን። እንደ ፋይዳ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ሲሆን ደግሞ አራት አራት እያደረጋችሁ በመሐል ትንሽ ዕረፍት ስጡ፤ አሥራ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የሚከተል ዓይን የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ስም ነው። በላቲን ፊደል የተሠሩ የጣት ፊደል ፕሮግራሞችን ለእኛ መገልበጥ አይቻልም፤ ምክንያቱ ፊደላችን ነው። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይነግራል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ከ፣ ኩ እና ኪ አንድ የእጅ ቅርጽ ናቸው፤ የሚለያቸው እንቅስቃሴው ነው። አኒሜሽን ደግሞ በባሕርይው ከአንዱ አቀማመጥ ወደ ሌላው ራሱ አለስልሶ ያሸጋግራል። ያ ማለስለስ ለእንግሊዝኛ ፊደል ውበት ነው። ለእኛ ግን ማንም ያላዘዘው ተጨማሪ እንቅስቃሴ ስለሆነ አናባቢ መስሎ ይነበባል፤ ከበደ የተባለው ሰውዬ ሌላ ስም ይዞ ይወጣል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ እያንዳንዱን ፊደል ከነእንቅስቃሴው ለየብቻ መቅረጽ፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ሽግግር ደግሞ አጭርና ቀጥ ያለ ማድረግ። ሁሉንም ለመቅረጽ ጊዜ ከሌላችሁ ስምን በምልክት አታሳዩ፤ አቫታሯ «ስምዎ እዚህ አለ» ብላ በጣቷ ወደ ጽሑፉ ትጠቁም። ሰው የራሱን ስም ያነባል።

ደረጃ 8፦ ገጹ ላይ ማስቀመጥ

ቋሚ ዓረፍተ ነገሮችን እንደ አጭር ቪዲዮ አውጥታችሁ አስቀምጡ። ስልኩ ላይ በቀጥታ የሚሣል ሦስት ገጽታ ያለው አቫታር ውብ ነው፤ ርካሽ ስልክ ግን ይሞቅበታል፣ ባትሪውም ያልቃል። ያንን ክፍት ቦታ ላላቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አቆዩት። የ10 ሴኮንድ ቪዲዮ በሴኮንድ 400 ኪሎቢት ቢዘጋጅ 500 ኪሎባይት ያህል ይሆናል፤ የሞባይል ዳታ በካርድ ለሚሞላ ሰው ይህ ሒሳብ ነው። መጠን ለመቀነስ ብላችሁ ግን በሴኮንድ ከ25 ምስል አትውረዱ። ምስሉ ትንሽ ቢያንስ ይሻላል፤ እንቅስቃሴው ከተቆራረጠ ጣቶቹ አይነበቡም።

የእጅ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከእያንዳንዱ የቅጽ መስክ አጠገብ አስቀምጡ። ገጹ ጥግ ላይ አንድ አቫታር አቁሞ «ሁሉንም ታስረዳለች» ማለት ተጠቃሚው ጥያቄውን የት እንደሚፈልግ እንዲያጣ ያደርገዋል። ቪዲዮው ሳይነካ አይጀምር። የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያው በራሱ ጀምሮ ከ5 ሴኮንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ማቆሚያ እንዲኖረው ይጠይቃል። ማቆሚያ፣ መድገሚያና ማዘግያ ይኑሩ፤ ከሦስቱ በጣም የሚነካው መድገሚያው ስለሆነ ትልቁ እሱ ይሁን።

ስልክ ላይ አንድ ነገር ይረሳል። ተጠቃሚው መጻፍ ሲጀምር የፊደል ሰሌዳው ይወጣና የስክሪኑን ግማሽ ይይዛል። አቫታሯ ታች ከነበረች ልክ በምታስፈልግበት ሰዓት ትሰወራለች። ከመስኩ በላይ አድርጓት። ጽሑፉን ደግሞ አታጥፉ፤ ማየትም መስማትም የተሳናቸው ሰዎች በብሬይል መሣሪያ የሚያነቡት እሱን ነው፣ ምልክት ቋንቋ የማያውቁና በኋላ መስማት ያቆሙ ሰዎችም እንዲሁ። በኮዱ ውስጥ የቪዲዮውን ቋንቋ ስትገልጹ «አማርኛ» አትበሉ፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዓለም አቀፉ ዝርዝር ውስጥ ኢ፣ ቲ፣ ኤች በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የራሱ መለያ አለው።

ደረጃ 9፦ መፈተሽ

«ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ የሌለበት አገር ቢሆን ይሠራ ነበር። እንግዳ ተደርጎ የተጋበዘ ሰው የደከማችሁበትን ሥራ አይቶ «አልገባኝም» አይልም፤ አውራ ጣቱን አንሥቶ ይሄዳል። ይልቅ ቪዲዮውን አሳዩትና ለሌላ መስማት ለተሳነው ጓደኛው በምልክት እንዲያስረዳው ጠይቁ። አስተርጓሚው የተነገረውን ወደ አማርኛ ይመልስ፤ እናንተ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጋር አስተያዩ። 90 ቀን 19 ከሆነ፣ «እናት ወይም አባት» «እናትና አባት» ከሆነ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ሥራ ስጡ፦ ቅጹን ራሱ ይሙላ፣ እናንተ ዝም በሉ። የት እንደቆመ፣ የትኛውን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንደደገመ ጻፉ። ከተለያየ ትምህርት ቤት፣ ከተለያየ ዕድሜ፣ በተለይም ዘግይተው ምልክት ቋንቋ የተማሩ ሰዎች ይኑሩበት። በከተማ በተማሩ ወጣቶች ብቻ የተፈተሸ ገጽ ክፍለ ሀገር ሲደርስ ይንገዳገዳል።

ደረጃ 10፦ ማቆየት

ክፍያ ይለወጣል፤ መመሪያ ይሻሻላል፤ አንድ ሠራተኛ ማታ ገብቶ ጽሑፉን ያስተካክላል። ቪዲዮው ግን የአምናውን ዋጋ ማሳየቱን ይቀጥላል፤ ማንም ስለማይከፍተው ማንም አያውቅም። በደረጃ 3 የሰጣችሁት መለያ ቁጥር የሚያስፈልገው አሁን ነው። እያንዳንዱ ቪዲዮ ከዓረፍተ ነገሩ ቁጥር ጋር ይታሰር፤ ጽሑፉ በአንድ ፊደል እንኳ ሲቀየር ሥርዓቱ የምልክቱን ቁልፍ ራሱ ይደብቅና ለተርጓሚው መልእክት ይላክ። አዲሱ ቪዲዮ እስኪሠራ በቁልፉ ቦታ በቪዲዮ ጥሪ የሰው አስተርጓሚ ማግኛ ይቀመጥ፤ የሚሠራበት ሰዓትም በምልክት ይነገር።

ለአቤቱታም መንገድ ክፈቱ፤ ተጠቃሚው በስልኩ ካሜራ በምልክት ተናግሮ የሚልክበት። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአስተያየት ሣጥኑ «ቢያንስ 50 ፊደል ይጻፉ» የሚል ገደብ ነበረው። በስድስት ወር ውስጥ ከመስማት ከተሳናቸው ተጠቃሚዎች አንድም አስተያየት አልመጣም፤ በሪፖርቱ ላይ «ቅሬታ የለም» ተብሎ ተጻፈ። ገደቡ ተነሥቶ የቪዲዮ ቁልፍ በገባበት ሳምንት የመጀመሪያው መልእክት ደረሰ። ቪዲዮው ዘጠኝ ሴኮንድ ነው፤ አንዲት ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ፣ የአቫታሯ ግራ እጅ «ረቡዕ» የሚለው ላይ የተሳሳተ መሆኑን ታሳያለች፣ ከዚያም ትክክለኛውን ሁለት ጊዜ ደግማ።